ድንኳን የማይተከልለት ሀዘን

ሀዘን ላይ እንደኛ የሚችልበት ህዝብ ያለ አይመስለኝም። ጉራ አይደለም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ብቻ አስቡት።

ቨርጂኒያ ወይም ዱባይ የሚኖር ሰው እናቱ አዲስ አበባ ብታርፍ፣ ደውሎ "እናትህ አርፋለች" የሚለው የለም። ወሬው ቀድሞ የሚደርሰው ጓደኞቹ ጋ ነው። እነሱ ይመካከራሉ። ሥራ የሚገባው ስንት ሰዓት ነው? ደም ግፊት አለበት እንዴ? ለሚስቱስ ማን ይንገራት? ፌስቡክ ላይ እንዳያይ ዘመድ ሁሉ ይለመናል፤ "እባካችሁ ፎቶዋን አትለጥፉ፣ ገና አልተረዳም" ይባላል። ከዚያ ሊነጋጋ ሲል፣ ከቤት ሳይወጣ፣ ሦስት አራት ሆነው፣ ከተገኘም አንድ ቄስ ወይም ሽማግሌ ጨምረው በሩን ያንኳኳሉ። ከፍቶ የሚያውቃቸው ፊቶች በዚያ ሰዓት ተደርድረው ሲያይ ማንም ሳይናገር ገብቶታል። ግን ሲወድቅ የሚይዘው አለ። ለመሥሪያ ቤቱ የሚደውልለት አለ። ትኬት የሚቆርጥለት አለ። ከሰዓት ላይ ሳሎኑ ሞልቷል፤ አንዷ እንጀራ፣ አንዷ ወጥ፣ አንዱ ደግሞ የታሸገ ውሃ በትከሻው ተሸክሞ።

ይሄንን ማንም ክፍል አስገብቶ አላስተማረንም። ሰው ክፉ ወሬ ለብቻው መስማት የለበትም ብለን ተስማምተናል፣ አለቀ። ለቅሶ ቤት ገብተን ደግሞ ምንም ሳንናገር ለረጅም ሰዓት መቀመጥ እንችላለን። ንፍሮ እንቆረጥማለን፣ አቀርቅረን ወለሉን እናያለን፣ "እግዜር ያጥናችሁ" ብለን እንነሳለን። ከሀዘንተኛው ጋር የሚያድሩት ወንዶች ድንኳን ውስጥ ካርታ ይጫወታሉ። ልማዱን የማያውቅ ሰው ቢያይ ቅጥ ያጣ ነገር ይመስለዋል። ለኔ ግን ከዚያ ካርታ የበለጠ ደግነት ጥቂት ነው። ሌሊቱ እንዳይረዝምባቸው ነው'ኮ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚችል ህዝብ፣ ሬሳ የሌለበት ሀዘን ሲመጣ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚደነዝዘው?

ምን ለማለት እንደፈለግኩ በጓደኛዬ ልንገራችሁ። "ጻፊው" ብላ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አልጠራም።

አራተኛ ወሯ ላይ ጽንሱ ወረደባት። ማንም አላወቀም። እርግዝናውንም ማንም አያውቅማ! እኛ ዘንድ ሆድ ገፋ እስኪል እርግዝና አይወራም። ዓይን አለ፣ ምቀኛ አለ፤ "ገና ነው፣ አፍሽን ያዢ" ይላሉ እናቶች። ልማዱን አልነቅፍም፣ የራሱ ጥበብ አለው። ግን አንድ ጣጣ አለበት። ደስታሽን ያልነገርሽውን ሰው ሀዘንሽን ከየት ጀምረሽ ትነግሪዋለሽ? "አርግዤ ነበር፣ አሁን የለም" ማለት ሁለት ወሬ በአንድ ጊዜ ነው፤ ሰሚው እንኳን ደስ አለሽ ይበል ያጽናሽ ይበል ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ዝም አለች። ሆድ ይፍጀው ብላ።

ሐሙስ ሆስፒታል ነበረች። ሰኞ ሥራ ገባች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ጥሩ አዋጅ ነው። የነሱ መሥሪያ ቤት የፈቃድ ቅጽ ግን "የሟች ሙሉ ስም" የሚል መስመር አለው፣ ከሥሩ ደግሞ "ከሠራተኛው ጋር ያለው ዝምድና" ይላል። ቅጹን ከሰው ሀብት ክፍል ወስዳ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችው። ስም አልነበረውም። ወንድ ይሁን ሴት እንኳን አልነገሯትም። አየችው፣ አየችው፣ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ኢሜይሎቿን መመለስ ጀመረች።

ብዙም ሳይቆይ ዘመዷ ቤት ክርስትና ነበር። እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። ድፎ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ዞሮ፣ ሰው ሞቅ ብሎት ነበር። አክስቷ ሕፃኑን ታቅፈው ይስሙታል፣ ይስሙታል፣ ከዚያ ቀና አሉና በዚያ ሰው ሁሉ ፊት "አንቺስ? ያንቺን ዳቦ መቼ ነው የምንበላው? ሥራ ሥራ ስትይ ጊዜው እንዳያመልጥሽ!" አሏት። ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች። "እግዜር ሲፈቅድ እትዬ" አለችና ባዶ ብርጭቆ ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። ተከትያት ስገባ አንድ ትሪ በፎጣ እየወለወለች ነበር። ትሪው ደርቋል። ታገላብጠዋለች፣ ትወለውለዋለች፣ መልሳ ታገላብጠዋለች። ሳሎን ውስጥ ሳቁ ገና አላለቀም።

አክስትየዋ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይሄ ነው የሚያሳዝነኝ። ለቅሶ ላይ ብታዩአቸው ከሁሉ ቀድመው ደርሰው ሽንኩርት የሚከትፉት፣ ሀዘንተኛዋን በግድ የሚያጎርሱት እሳቸው ናቸው። ያቺ ልጅ ሰው ሞቶባት ቢሆን ኖሮ አስፋልቱን ተሻግረው ገና ከበር "ወየው ልጄን" እያሉ ይገቡ ነበር። ሰው እንደሞተባት አላወቁም እንጂ።

ይሄ የአንድ ሰው ዕጣ እንዳይመስላችሁ። ከታወቀ እርግዝና ውስጥ ከ100 ከ10 እስከ 20 የሚሆነው በጽንስ መውረድ እንደሚያበቃ ሐኪሞች ይናገራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰው አንዱ በዕድሜው አንድ ወቅት ልጅ የማግኘት ችግር ይገጥመዋል ብሏል። አንድ የሠርግ ጠረጴዛ ዙሪያ ስንት ሰው ይቀመጣል? ስምንት? አስር? እንግዲህ ጥብሱ እስኪመጣ ድረስ "ልጅስ?" እያላችሁ ጠረጴዛውን ስትዞሩ ቁስል ሳትነኩ የምትጨርሱበት ዕድል በጣም ትንሽ ነው። ወንዶቹም አሉበት። "ምነው አንተ ሰነፍክ?" ተብሎ የሚቀለድበት ባል ማታ ቤቱ ገብቶ ምን እንደሚያስብ ማን ጠይቆት ያውቃል?

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ነገሩን ከባሏ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሌላም ሰው አውቆ ኖሯል።

ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ጎረቤት አሉ፣ ትልቅ ሰው ናቸው። ከሆስፒታል በመጣች ማግስት፣ አርብ ጠዋት፣ ፍራሽ ፀሐይ ላይ ወጥቶ አዩ። ገመዱ ላይ አንሶላ ተሰጥቷል። ሲያጥብ የነበረው ደግሞ ባልየው ነው፤ ቅዳሜ እንኳን አጥቦ የማያውቀው ሰውዬ፣ በሥራ ቀን። በቃቸው። ሌላ ሰው ቢሆን "ምን ሆና ነው?" ብሎ ባልየውን ጥግ ያስይዘው ነበር። እሳቸው ከምሳ በኋላ የአጃ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው መጡ። አጥሚት ለማን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። ብርጭቆው ላይ ቀዱላትና "ልጅ ባይኖርም ሰውነትሽ አራስ ነው፣ ጠጪ" አሏት።

ይቺን ብቻ ነው ያሉት። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና ስለ ዘይት ዋጋ አወሩላት፣ ስለ ውሃ መጥፋት አወሩላት፣ ስለ ልጃቸው አከራይ አወሩላት። መሀል ላይ ስታለቅስ ወሬያቸውን አቆሙ። ስታበቃ ካቆሙበት ቀጠሉ። ፔርሙዙን ትተው ሄዱ። በማግስቱ "ፔርሙዜን ልውሰድ" ብለው መጡ፤ በሌላው እጃቸው ግን ሙሉ ፔርሙዝ ይዘዋል። ሥራ ከገባች በኋላም ማታ ማታ እንዲሁ እየተመላለሱ ሰነበቱ። ግቢው ውስጥ አንድም ሰው አልሰማም። እኔ እንኳን የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

እኚህ ሴትዮ የሠሩትን ሳስበው እስከዛሬ ይደንቀኛል። አዲስ ነገር አልፈጠሩም'ኮ። ለወለደች ሴት የሚደረገውን ነገር ነው ላልታቀፈችው ያደረጉት። "ምን ሆንሽ?" አላሉም፣ ምክንያቱም ጥያቄ መልስ ይፈልጋል፣ መልስ ደግሞ ጉልበት ይፈልጋል፣ እሷ ያኔ ከአልጋ መነሻ ጉልበት አልነበራትም። "አይዞሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ" አላሉም። "የባሰ አለ" አላሉም። "ለበጎ ነው" አላሉም። እነዚህን ሦስቱን ነገሮች ብንተዋቸው ብቻ ስንት ሰው በቀለለው። "ለበጎ ነው" የሚለውን ሀዘንተኛው ራሱ አንድ ቀን ሊለው ይችላል፤ ከኛ አፍ ሲወጣ ግን "በቃሽ፣ ዝም በይ" ነው የሚመስለው።

መጽሐፈ ኢዮብ ላይ የኢዮብ ጓደኞች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ሕመሙ እጅግ መክበዱን አይተዋልና አንድ ቃል አልተናገሩትም ይላል። እስከዚያ ድረስ ጎበዞች ነበሩ። ነገሩ የተበላሸው በኋላ አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው መጽሐፍ እነሱ ሲያብራሩ፣ እሱ "እናንተ ሁላችሁ የምታደክሙ አጽናኞች ናችሁ" ሲላቸው ነው የሚያልፈው። የሁላችንም ቤተሰብ ውስጥ አንድ እንደዚህ የሚያብራራ ሰው አይጠፋም።

እሺ፣ ማወቂያው ምንድነው? የሰው ሆድ በምን ይታያል? እኔ የማምነው ሰው ሀዘኑን በአፉ ቢደብቅም በልማዱ ላይ ይታወቅበታል ብዬ ነው። ፊት ይዋሻል። "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ማለት ለሁላችንም አፋችን ላይ ያለ ነገር ነው፤ ሰው ደም እየፈሰሰውም ይለዋል። ልማድ ግን ሲዛነፍ ይታያል። ሁሌ ቀድማ የምትመጣው ማኅበሩን ስትቀር። ሁሌ የሚደውለው መልእክት ብቻ ሲልክ። ሁሌ የሚጨቃጨቀው "እንደፈለጋችሁ" ማለት ሲጀምር።

የሥራ ቦታችን አንድ ልጅ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ አብሮን መውጣት ተወ። "ጾም ላይ ነኝ" ይላል። አስቂኙ ነገር ወቅቱ ሃምሳ ነበር፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና አርብ እንኳን የማይጾምበት! ብዙዎቻችን "ይሄ ልጅ መነኮሰ እንዴ" ብለን ስቀን አለፍነው። ገንዘብ ያዣችን ግን አላለፈችውም። በሚቀጥለው ቀን ትልቅ ምሳ ዕቃ ይዛ መጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "እናቴ ብዙ ትቋጥርልኛለች፣ ሳልጨርስ ብመልሰው ትቆጣኛለች፣ እባክህ እርዳኝ" አለችው። እናቷ ክፍለ ሀገር ነው የምትኖረው፤ ሁላችንም እናውቃለን፣ እሱም ሳያውቅ አይቀርም። በላ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አብረው በሉ። የቤተሰብ ዕዳ ተሸክሞ ደሞዙ በገባ በማግስቱ እንደሚያልቅ የተረዳነው ሥራ ቀይሮ ሲሄድ ለእሷ በጻፈላት ደብዳቤ ነው፤ እሷም ቢሆን ጫፉን ብቻ ነው የነገረችን።

የእሷ አፍ አለመክፈት ከምሳው ይበልጣል እላለሁ። ምክንያቱም እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ሰው ሀዘኑን የሚደብቀው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። እኛን ስለሚያውቀን ነው። ገበናውን ለአንድ ሰው ቢነግር ነገ ሠፈሩ ሁሉ እንደሚሰማው ያውቃል። ደግሞ ሐሜቱ ሐሜት መስሎ አይመጣም'ኮ፣ ጸሎት ለብሶ ነው የሚመጣው። "እባካችሁ እገሊትን በጸሎት አስቧት... ምነው? አይ፣ ለማንም እንዳትናገሩ እንጂ ትዳሯ..." ብሎ የሚጀምር ወሬ ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? የሰው ሕመም ማየት መቻል ብቻውን ጥሩ ነገር አይደለም። ወሬኛም ያያል። እንዲያውም ከሁላችንም ቀድሞ የሚያየው ወሬኛ ነው።

ከዓረብ ሀገር የሚመለሱትን እህቶቻችንንም ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ከኅዳር 2006 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተባርረው ገብተዋል። ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ስንቶች ገቡ። በ2012 ዓ.ም. ቤይሩት ውስጥ አሠሪዎቻቸው በመኪና አምጥተው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ከነሻንጣቸው የጣሏቸውን ሴቶች በቴሌቪዥን ያላየ የለም። አይተን አልቅሰናል። ግን አንዷ እኛ ሠፈር ስትመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ "ምን ይዘሽ መጣሽ?" ነው። ዓይን የሚሄደው ፊቷ ላይ ሳይሆን ሻንጣዋ ላይ ነው። የላከችው ብር ቆርቆሮ ሆኖ፣ ሶፋ ሆኖ፣ የወንድም ባጃጅ ሆኖ ቤቱ ውስጥ አለ፤ እሷ የምትተኛው እዚያ ሶፋ ላይ ነው። ቀን ትተኛለች፣ ሌሊት ትነቃለች። በር ሲንኳኳ ብድግ ትላለች፣ ምክንያቱም እዚያ በማንኛውም ሰዓት ስትጠራ ብድግ ካላለች ምን እንደሚከተል እሷ ታውቀዋለች። እኛ ደግሞ "ዓረብ ሀገር ለክፏት መጣች፣ ሰው ጠላች" እንላለን። እንደ አጋር ኢትዮጵያ ያሉ፣ እንዲህ ሆነው የሚመለሱ ሴቶችን ተቀብለው የሚያስታምሙ ድርጅቶች መኖራቸው ጥሩ ነው። ግን ያቺ ልጅ መጀመሪያ የምትደርሰው ድርጅት ጋ አይደለም። እናቷ ሳሎን ነው።

አንዳንዴ ሁሉን ነገር የሚለውጠው አንድ ሰው "የኔም ቤት አለ" ብሎ በአደባባይ ሲወጣ ነው። ዘሚ የኑስን አስታውሱ። ኦቲዝም ያለበት ልጇን ይዛ፣ ሌላው ወላጅ ልጁን እንግዳ ሲመጣ ጓዳ በሚያስገባበትና በር በሚዘጋበት ዘመን፣ በቴሌቪዥንና በራዲዮ ወጥታ ተናገረች። በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። ከዚያ በፊት እንዲህ ዓይነት ልጅ ያላት እናት የምትሰማው "ምን ኃጢአት ሠርተሽ ነው?" የሚል ነበር። ዘሚ በ2013 ዓ.ም. አርፋለች። ዛሬም በመጋቢት የኦቲዝም ቀን ሲከበር ልጆቻቸውን ይዘው በግልጽ የሚወጡትን ወላጆች ሳይ፣ ከእያንዳንዳቸው ጀርባ የዘሚን ልፋት አያለሁ።

"ህዝቡ አይለወጥም" የሚሉኝ ሰዎች አሉ። አልስማማም። ኤች አይ ቪን ረሳችሁት? በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ቀብር እንደ ጉድ ነበር። እድሮች ካዝናቸው እስኪራቆት ድረስ ድንኳን ይተክሉ ነበር። በየለቅሶው ግን የበሽታው ስም አይጠራም። "ሳንባ ነው" ይባላል፣ "ትንሽ አሟት ነበር" ይባላል፣ ገላ ላይ አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል። ታማሚው በሕይወት ሳለ ውሃ የሚያቀብለው አጥቶ፣ በሞተ ቀን ግን ሁለት ድንኳን ይተከልለታል። ምን ዓይነት ነገር ነው? ከዚያ እንደ መቅድምና ተስፋ ጎህ ያሉ ማኅበራት ውስጥ ያሉ፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች በድፍረት "እኛ ነን" አሉ። እድሮቹ ራሳቸው መነጋገር ጀመሩ፤ ለሞተ ብቻ ከምናወጣ በአልጋ ላይ ላለውም እናውጣ፣ ወላጅ አልባውንም እንይ ያሉ ብዙ እድሮች ተነሱ። በየሠፈሩ ቡና እየተፈላ በግልጽ ተወራ። በጥር 1997 መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ ወረፋ ይዞ ለመቀበል የደፈረ ሰው የተገኘው ያ ሁሉ ወሬ ቀድሞ ስለተወራ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ያልቻልነው ነገር አይደለም። አንድ ጊዜ ችለነዋል።

እድር ካነሳሁ አይቀር የኛን ሠፈር ልጨርስላችሁና ልብቃ። ባለፈው ስብሰባ አንዲት ወጣት አባል እጇን አወጣች። ደንባችን ላይ ክርስትና ሳይነሳ ለሞተ ሕፃን ድንኳን አይተከልም፣ ክፍያውም ግማሽ ነው። ጽንስ ለወረደባት ደግሞ ምንም የለም። "ድንኳን አልጠየቅኩም" አለች። "ሁለት ሴቶች ተመድበው ለጥቂት ቀን ምግብ ይውሰዱላት ነው የምለው።" ቤቱ ጸጥ አለ፣ ከዚያ ተንጫጫ። ሰብሳቢው "ጥየቃ በደንቡ የተፈቀደው ለታመመ አባል ነው" አሉ። አንድ አባት "ማስረጃውስ? ሁሉም ወረደብኝ ቢልስ?" አሉ። አንዱ "የሐኪም ወረቀት ታምጣ" ብሎ መለሰላቸው። ይህን ጊዜ ጥግ ላይ ተቀምጠው ጥጥ የሚፈትሉ አንዲት አሮጊት ቀና ሳይሉ "ወረቀቱ እናንተ እጅ ከገባማ ማታውኑ ሠፈሩ ያውቀዋል። ለሴቶቹ ተጠሪ ብቻ ይነገር፣ በመዝገብ አይጻፍ" አሉ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ሒሳብ ሹሙ "ሳይጻፍ ወጪ አላወራርድም" ብሎ ተቆጣ። አንዱ ተረበኛ ደግሞ "በዝምታ ከሆነ ታዲያ ጡሩምባ ነፊያችን ምን ሊሠራ ነው?" አለና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ጡሩምባ ነፊው ራሱ "እኔ አጥሚቱን አደርሳለሁ!" ብሎ ከኋላ ጮኸ።

ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተመርጧል፣ አንዷ አሮጊቷ ናቸው። ሐሳቡን በጽሑፍ ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ ያቀርባሉ። የእድራችን አባል የሆናችሁና ይህን የምታነቡ ካላችሁ እንዳትቀሩ፤ ድምፅ ይቆጠራል፣ የቀረ ደግሞ እንደተለመደው ይቀጣል።